ነፋስ የወሰዳት «ተ»

በእኛ መንደር ስልክ ቤት ውስጥ አይሠራም፣
ከሃሎ ድንጋይ ላይ ካልወጡ አይጠራም።
ከመሐል ሜዳ ገበያ ባትሪ ሞልተን መጥተን፣
እንደ አሞሌ ጨው በቁጠባ ልሰን፣
ሁለት መስመር ፍለጋ ክንድ ሽቅብ ሰቅለን፣
እንቆማለን እዚያ፣ ከጓሳ ነፋስ ጋር ድምፅ ተሻምተን።

ያን ማክሰኞ ግን
አጎናፍር ባሕር ዛፍ ሲጠርብ ለጎጆው ማገር፣
መጥረቢያው አዳልጦት ገባ ከቅልጥሙ ሥር።
ደሙ ምንጭ አይመስልም፤ ምንጭ ረጋ ይላል፣
ይኸኛው ልብ ሲመታ አብሮ ይዘላል።
አንዷ የተፈጨ ቡና ልትነሰንስ ሮጠች፣
አንዷ አመድ ዘገነች፣
ሚስቱ ደብሪቱ ነጠላዋን ይዛ ደርቃ ቀረች።

እኔ ስልኬን ይዤ ዳገቱን ወጣሁት፣
ዐሥራ አራት ፐርሰንት፤ እየሮጥኩ አየሁት።
ስሞቹን ገለበጥኩ፤ የበግ ነጋዴ አለ፣
የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ፣ ባለ ወፍጮው አለ፣
ከመቶ ሠላሳ ስም ደም የሚያቆም የለ።
ሂሳቤም አልቆ ኖሮ ብድር ስጠይቅ
የተቀዳች ሴት፣ ሞት እንደማያውቃት፣
«ለአማርኛ አንድን ይጫኑ» አለችኝ፣ ቀስ ብላ።
ተጫንኩ።
ሞላሌ ላለችው ለአክስቴ ልጅ ደወልኩ፤
እሷ ቁጥር ሰጠችኝ፤ ቁጥሩ ሲስተር ዘርፌ ሆነ።

«ምንም አይነስነስበት! ቡናም፣ አፈርም፣ አመድም።
ንጹሕ ጨርቅ አድርጉና በደንብ ተጫኑት፣
እስክነግራችሁ ድረስ ገልጣችሁ አትዩት፣
ጨርቁ ቢርስም አታንሱ፣ ሌላ ደርቡበት።»

እሱ ከታች ነው፣ እኔ ከላይ።
ይዤው ብወርድ ድምጿ ይቆረጣል፣
ይዤው ብቆም ደሙ ያልቃል።
ስለዚህ ሰው ዘረጋን፣ እንደ ሽቦ፦
ከጥዱ ሥር ሸዋንግዛው፣
ከአጥሩ በር ትንሿ ምንትዋብ፣
ከደሙ ዳር ደብሪቱ።

«ተጫኑት!» አልኩ።
ሸዋንግዛው ተቀበለ፣ ምንትዋብ ተቀበለች፤
የጓሳ ነፋስ ግን ከመሐል ገብቶ
ከቃሉ ራስ ላይ አንዲት ፊደል በልቶ
«ጫኑት!» ሆኖ ደረሰ።

ወንዶቹ በቅሎ ፍለጋ ተበተኑ።
ኮርቻ መጣ። ልጓም መጣ። መጫኛ መጣ።
ደሙን የሚጫነው ግን አልመጣ።

ከላይ አያለሁ። ሰው ጉንዳን ያክላል።
«በቅሎ አይደለም!» ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ፣
«መዳፍ! መዳፍ! መዳፍ!»
መዳፍ ከባድ ቃል ነው፤ ነፋሱ አላነሳውም።
ደብሪቱ ነጠላዋን አጥፋ አኖረችበት፣
በሁለት እጇ፣ በጉልበቷ፣
በትዳሯ ዘመን ሙሉ ክብደት ወደቀችበት።

አራት ፐርሰንት።
«እግሩን ከፍ አድርጉ። ባና ደርቡለት፣ ብርድ አይግባው።
ውሃም አታጠጡት። መኪና ልኬአለሁ፣ እስከ ድልድዩ በቃሬዛ…»
ስልኬ ጠፋ።
በተረፈን ቃል ተሸከምነው።

አጎናፍር አልሞተም። ያነክሳል፤ በብርድ ቀን ይሳደባል።
መጥረቢያውን ግን አልሸጠም።
እኔ ገበያ ወርጄ ፋሻ ገዛሁ፣ ጎዝ፣ ጓንት፣
በብስኩት ቆርቆሮ ከትቼ ከምሰሶው ሰቀልኩት።
የሲስተር ዘርፌን ቁጥር «ሀ» ብዬ መዘገብኩት፣
የሚንቀጠቀጥ ጣት ከስም ሁሉ ፊት እንዲያገኘው።
በከሰልም በሬ ላይ ጻፍኩት፤
ስልክ ይሞታላ።

አሁን እሑድ እሑድ፣ ከሰንበቴ መልስ፣
ልጆች ከድንጋዩ እስከ አጥሩ ይሰለፋሉ።
ሽማግሌዎቹ ይስቃሉ።
አጎናፍር አይስቅም፤
ምርኩዙን ተደግፎ ከታች ጆሮውን ያቀናል፣
«አልተሰማኝም!» ይላል፣ «ከራሱ ጀምሩት!»
ምንትዋብም ደረቷን ሞልታ
ነፋሱን ትጠብቀዋለች፣ ጋብ እስኪል፤
ከዚያ
«ተ…»